ዋላስ የማን ልጅ ነው?

አበሻ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል። ስም ብቻውን ብዙ አይነግረውምና ወዲያው «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ያስከትላል። እኛም ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ስኮትላንድ ድረስ ልንሄድ ነው። የምንጠይቀው ሰው ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችሁ መልኩን (የፊልም መልኩን ማለታችን ነው) በደንብ ታውቁታላችሁ። ፊቱን ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቆ፣ ፈረሱን ወዲያ ወዲህ እያስጋለበ ስለ ነጻነት የሚደነፋው ሰውዬ... አዎ፣ ዊሊያም ዋላስ። ታላላቆቻችን «ብሬቭሃርት»ን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገው አይተውታል። እኛ ደግሞ በፍላሽ ተቀባብለን ደረስንበት። አልቅሰናልም፤ ምን ይደበቃል!

ፊልሙ ሲጀምር ዊሊያም ገና ሕፃን ነው። አባቱ ማልኮም ዋላስ የሚባል፣ እጁ ከአፈር ያልተለየ ገበሬ ነው። ከታላቅ ልጁ ከጆን ጋር እንግሊዞችን ሊዋጋ ይወጣና የሁለቱም ሬሳ በጋሪ ተጭኖ ይመለሳል። ትንሹ ዊሊያም በአባቱ መቃብር ላይ ይቆማል። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ታሪክ በሙሉ የሚበቅለው ከዚያች መቃብር ነው። አባት በእንግሊዝ እጅ ሞተ፤ ልጅ አደገና ደሙን መለሰ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? የዊሊያም ዋላስ አባት ማልኮም አልነበረም። ይህን የሚነግረን ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ዋላስ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1297 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ዋላስና የጦር ጓዱ አንድሪው መሪ ስተርሊንግ ድልድይ ላይ የእንግሊዝን ጦር ድባቅ መቱት። ስልቱ ቀላል ነበር፤ ጠባቡን ድልድይ ግማሹ ጦር እስኪሻገር ጠብቆ መሐሉን መቁረጥ። (ፊልሙ ውስጥ ጦርነቱ አለ፤ ድልድዩ ግን የለም። አይ ሆሊውድ!) ልክ ከአንድ ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 11 ቀን፣ ሁለቱ ሰዎች ሃዲንግተን በምትባል ከተማ ሆነው በላቲን ደብዳቤ አጻፉ። ደብዳቤው የተላከው ዛሬ በጀርመን ግዛት ላሉት ለሉቤክና ለሃምቡርግ ሹማምንትና ሕዝብ ነው። ፍሬ ነገሩ ንግድ ነው። ስኮትላንድ፣ እግዚአብሔር ይመስገንና፣ ከእንግሊዞች እጅ በጦርነት ነጻ ወጥታለች፤ ስለዚህ ነጋዴዎቻችሁ እንደ ድሮው ወደ ወደቦቻችን ይምጡ የሚል ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ የሚያስለቅስ ንግግር አትጠብቁ። አገር ነጻ ሲወጣ በማግስቱ የሚታሰበው ሱፍና ቆዳ የሚገዛ ደንበኛ ነው።

የሃምቡርጉ ቅጂ የት እንደገባ አይታወቅም። የሉቤኩ ግን ከነማኅተሙ ተርፏል። የማኅተሙ ሰም በአንድ ፊቱ የስኮትላንድ ንጉሣዊ አንበሳ አለበት። በሌላው ፊቱ ደግሞ የተወጠረ ቀስትና ፍላጻ፣ ዙሪያውን የተቀረጸ ጽሑፍ ይታያል። ለረጅም ዘመን ሰዎች የደብዳቤውን ይዘት ሲያነቡና ሲተረጉሙ ያችን የዙሪያ ጽሑፍ በቅጡ ልብ ያላት አልነበረም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው ተመርምራ መነጋገሪያ የሆነችው። በ2007 ደግሞ አርቺባልድ ደንካን የተባሉት የታሪክ ሊቅ «ዊሊያም የአለን ዋላስ ልጅ» ብለው በማያሻማ ርዕስ ጻፉባት። ምክንያቱም ጽሑፉ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ዊሊያም፣ የአለን ዋላስ ልጅ።

አለን! ማልኮም አይደለም። አስቡት፤ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ሰውዬው የአባቱን ስም ጽፎ፣ አትሞ፣ በሰም አሽጎ አስቀምጦ ሳለ ዓለም የሌላ ሰው ልጅ ሲያደርገው ኖረ። (ሰምና ወርቅ እንዳይመስላችሁ፤ እውነተኛ የንብ ሰም ነው። ወርቁ ግን በእርግጥ ውስጡ ነበር።) ለእኛ ለአበሾች ደግሞ ማኅተሙ ባዕድ አይደለም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን እያንዳንዳችን ስማችንን ስንጽፍ የምናደርገው ዋላስ ያደረገውን ነው፤ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት።

እንግዲያ ማልኮም ከየት መጣ? ከአንድ አዝማሪ ነው።

በ1470ዎቹ፣ ማለትም ዋላስ ከሞተ ከ170 ዓመት በኋላ፣ ሃሪ የሚባል ሰው የዋላስን ታሪክ በረጅም ግጥም ጻፈ። በ1521 የታተመው የጆን ሜር የታሪክ መጽሐፍ ሃሪ ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር እንደነበረ፣ በመኳንንት ፊት ታሪክ እያወራ ምግብና ልብስ ያገኝ እንደነበረ ይናገራል። ለዚህም ነው «ዓይነ ስውሩ ሃሪ» እየተባለ የሚታወቀው። በንጉሥ ጄምስ አራተኛ የግምጃ ቤት መዝገብ ላይም ገንዘብ እንደተከፈለው ተጽፏል። መሰንቆ አይያዝ እንጂ እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቁታላችሁ።

የዋላስ አባት ሰር ማልኮም ዋላስ ነው፣ አገሩ ኤልደርስሊ ነው፣ እናቱ የኤይር አገረ ገዥ የሰር ሬጂናልድ ክሮፎርድ ልጅ ናት፣ አባቱን እንግሊዞች ገደሉት ያለው ሃሪ ነው። ምንጬ የዋላስ የነፍስ አባት ጆን ብሌር በላቲን የጻፈው መጽሐፍ ነው ብሏል። ያንን መጽሐፍ ግን ከሃሪ በቀር ያየ ሰው አልተገኘም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። በግጥሙ መጨረሻ ላይ ሃሪ ሁለት ባላባቶችን ያነሳል፤ ከሁለቱ አንዱ የክሬጊው ሰር ዊሊያም ዋላስ ነው። እንግዲህ ቤቱ የጋበዘህ ጌታ ዋላስ ሆኖ ስለ ዋላስ ስትዘፍን የዘር ሐረጉን በየት በኩል እንደምታስኬደው መገመት አያቅትም። አዝማሪ ደግሞ የጋባዡን ዘር ሳያነሳ አይወርድም።

ሃሪን ግን ዝም ብሎ ውሸታም ማለት አይቻልም። ማልኮም የሚባል ዋላስ በእርግጥ ነበር፤ አባት ሳይሆን ወንድም ነው። በኦገስት 1299 የስኮትላንድ መሪዎች ፒብልስ ላይ ተሰብስበው ነበር። ያን ጊዜ ዊሊያም በፎልከርክ ጦርነት (1298) ተሸንፎ የአገር ጠባቂነቱን ሥልጣን ለቅቆ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። ሰር ዴቪድ ግራሃም የተባለ ባላባት ተነስቶ፣ ዋላስ ሳይፈቀድለት ከአገር ስለወጣ መሬቱና ንብረቱ ለእኔ ይሰጠኝ አለ። ሰር ማልኮም ዋላስ፣ ወንድሙ፣ የሚሄደው ለአገሩ ጥቅም ነው ብሎ ተቃወመ። ሁለቱም ጩቤ መዘዙ። ወዲያው ጆን ኮሚን ሮበርት ብሩስን ጉሮሮውን አነቀ። (ይህ ሮበርት ብሩስ በኋላ ንጉሥ የሆነው ነው። ኮሚንን ከሰባት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወግቶታል፤ አልረሳለትም ማለት ነው።) ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? የእንግሊዝ ሰላይ ስብሰባው ውስጥ ነበርና ለጌቶቹ ስላስተላለፈ ነው። ስለዚህ ሃሪ የሰማው ወግ ውስጥ «ሰር ማልኮም ዋላስ» የሚል ስም ቢኖር አይገርምም። በመቶ ሰባ ዓመት ውስጥ ወንድም አባት ሆኖ ተገኘ።

ፊልሙ በልጅነቱ ሬሳውን በጋሪ የጫነው ጆንስ? እሱም እውነተኛ ወንድም ነው። ግን ከዊሊያም ቀድሞ አልሞተም፤ ከእሱ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1307 ለንደን ውስጥ ተገደለ።

አሁን ወደ አለን እንመለስ። አለን ዋላስ ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ሆሊውድ የማይወደው ዓይነት የሚሆነው።

1296 ለስኮትላንድ ክፉ ዓመት ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ጦሩን ይዞ ገባ። የበርዊክን ከተማ ሕዝብ ፈጀ፣ በደንባር የስኮትላንድን ጦር ሰበረ፣ ንጉሡን ጆን ቤሊዮልን ከዙፋን አወረደ፣ ነገሥታቱ የሚነግሡበትን ድንጋይ ሳይቀር ጭኖ ወሰደ። ከዚያ በኦገስት በርዊክ ላይ ተቀምጦ የስኮትላንድን ባለ መሬት ሁሉ እየተጠራ ለእሱ ታማኝ እንዲሆን አስማለ፣ አስፈረመ። መፈረም ማለት የዚያን ጊዜ ማኅተም ማንጠልጠል ነው። «ራግማን ሮል» በመባል የሚታወቀው ይህ ጥቅል ከ1,500 በላይ ስሞች አሉበት። ከስሞቹ አንዱ በኤይር አውራጃ የንጉሥ መሬት የያዘ አለን ዋላስ ነው።

ይህ አለንና የማኅተሙ አለን አንድ ሰው ናቸው ወይ? የታሪክ ባለሙያዎች በመቶ ፐርሰንት እርግጠኛ ነን አይሉም። ነገር ግን ስሙ፣ አውራጃውና ዘመኑ ይገጥማሉ። ከእሱ የተሻለ እጩም አልቀረበም። እኛም ብንወራረድ በእሱ ነው።

እንግዲህ ፊልሙንና መዝገቡን ጎን ለጎን አድርጓቸው። በፊልሙ አባት ለእንግሊዝ አልገዛም ብሎ ይሞታል። በመዝገቡ አባት ተጠርቶ ይሄዳል፣ ይምላል፣ ማኅተሙን ያንጠለጥላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከመፈረድ በፊት ግን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የዚያን ቀን ያልማለ ባለ መሬት ማግኘት ነው የሚከብደው። ከትልልቆቹ ባላባቶች ጀምሮ ሁሉም ተሰልፏል። ባይምሉ መሬታቸው ይወረሳል። ልጆች ያሉት፣ ትንሽ ርስት የያዘ ሰው ምን ያድርግ? እኛ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ቢሆን ኖሮ ጀግና እንሆን ነበር ብለን ለመማል አንደፍርም። የአለን ልጅ ግን በዓመቱ የላናርክን የእንግሊዝ ሹም ገደለና አገሩን አነሳሳ። አባትና ልጅ በዚያ ዓመት ቤት ውስጥ ምን ተባባሉ? ለፊልም የሚሆነው እሱ ነበር።

ዊሊያም ራሱ በጥቅሉ ላይ የለም። ይህ በራሱ ጀግንነቱን አያረጋግጥም፤ መሬት የሌለው ታናሽ ልጅ ተጠርቶ አይምልም። ስለ ቤተሰቡ ደረጃም አንድ ነገር ይነግረናል። በዘመኑ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ዋላስን ወንበዴና ተራ ሰው አድርገው ነው የሳሉት፤ ፊልሙ ደግሞ ገበሬ አደረገው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጻፈው የስኮትላንዱ ጆን ኦቭ ፎርደን ግን ነገሩን ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ትልልቆቹ መኳንንት ዋላስን ዝቅ አድርገው ያዩት ነበር፤ ቢሆንም ዘመዶቹ የባላባት ማዕረግ የነበራቸው ናቸው፣ ታላቅ ወንድሙም ባለ ማዕረግና ባለ ርስት ነበር ይላል። በአጭሩ፦ የትንሽ መሳፍንት ቤት ልጅ፣ ርስቱን ታላቁ የወረሰበት፣ በቀስቱ የሚተማመን ሰው።

«ዋላስ» የሚለው ስምስ? እኛን ከሁሉ በላይ ያስደነቀን እሱ ነው።

ስሙ በዘመኑ ሰነዶች «ዋሌይስ» ወይም «ዋለይስ» እየተባለ ይጻፋል፤ ትርጉሙም «ዌልሻዊ» ነው፤ የዌልስ ሰው። ቃሉ ራሱ ደግሞ ከጥንታዊ የጀርመን ቋንቋዎች የመጣ ነው። መነሻው የአንድ የኬልት ጎሣ ስም ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በኋላ ግን የእኛን ቋንቋ የማይናገር ባዕድ ሁሉ በዚሁ ቃል ተጠራ። የእኛን «ፈረንጅ» አስቡ። «ፍራንክ» የሚባል የአንድ ሕዝብ ስም ነበር፤ ዛሬ ኖርዌያዊውም ካናዳዊውም ፈረንጅ ነው። ይኸውም እንደዚያ ነው። የቤልጅጉ «ዋሎን»፣ የሩማንያው «ዋላኪያ»፣ ራሷ «ዌልስ» ሁሉም ከዚሁ ቃል የወጡ ናቸው። ዌልሾች ራሳቸውን «ከምሪ» ይላሉ፤ «ያገሬ ሰዎች» እንደማለት ነው። ሳክሰኖች ከባሕር ማዶ መጡና የአገሩን ባለቤት «ባዕድ» ብለው ሰየሙት።

ስለዚህ በስኮትላንድ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ «ያገር ልጅ» የሆነው ሰው ስሙ ሲፈታ «መጤው» ነው።

እንዴት እዚያ ደረሱ? የተለመደው መልስ ይህ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዴቪድ ቀዳማዊ ከደቡብ ሰዎች እየጠራ መሬት ይሰጥ ነበር። ከተጠሩት አንዱ ዋልተር ፊትዝ አለን ነው። የዋልተር ቤተሰብ መነሻው ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ብሪታኒ፣ ዶል የምትባል ከተማ ናት። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በዌልስ ድንበር በሽሮፕሻየር መሬት አገኙ። ዋልተር ወደ ስኮትላንድ ሲመጣ የንጉሡ ቤት መጋቢ ሆነ። ሹመቱ በውርስ ይተላለፍ ነበርና «መጋቢ» የሚለው ማዕረግ፣ «ስቲዋርድ»፣ የቤተሰቡ ስም ሆኖ ቀረ። በ1371 ዙፋኑን የወረሱት የስቲዋርት ነገሥታት የእሱ ዘሮች ናቸው። ዋልተር ብቻውን አልመጣም፤ ከሽሮፕሻየር አካባቢ ተከታዮቹን አስከተለ። ከተከታዮቹ አንዱ ሪቻርድ የሚባል «ዌልሻዊ» ሳይሆን አይቀርም። ኤይርሻየር ውስጥ መሬት ተሰጠው፤ መንደሩም «የሪቻርድ መንደር» ተባለ። ዛሬ ከኪልማርኖክ ከተማ ጋር የተያያዘችው ሪካርተን እሷ ናት። የዋላሶች ግንድ የሚቆጠረው ከዚህ ነው። «አለን» የሚለው ስምም የብሪታኒ ስም ነው፤ በጌቶቹ በስቲዋርዶች ቤት በየትውልዱ ይደጋገማል። የተከታዮቻቸው ልጆች በጌታ ስም ቢጠሩ ደንብ ነው። «ማልኮም» በአንጻሩ አራት የስኮትላንድ ነገሥታት የተጠሩበት የጌሊክ ስም ነው። ሃሪ ሳያውቀው የዋላስን አባት አገሬ አደረገው።

ሌላ መልስም አለ። ከዚያ ቀደም ደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ የብሪቶኖች መንግሥት ነበር፤ ስትራትክላይድ ይባላል። ቋንቋቸው የዌልሽ የቅርብ ዘመድ ነው። የድሮው ዋና አምባቸው «ደምባርተን» ዛሬም ስሙ በጌሊክ ሲፈታ «የብሪቶኖች ምሽግ» ነው። መንግሥቱ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ስኮትላንድ ተጠቃለለ፤ ቋንቋውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ዋላሶች ከእነዚህ የቀሩ ከሆኑ «ባዕድ» የተባሉት አያት ቅድመ አያቶቻቸው በኖሩበት መሬት ላይ ነው ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ባለሙያዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። አብዛኛው ወደ ሽሮፕሻየሩ ያዘነብላል። እኛ ግን ሁለተኛው ልባችንን ይስበዋል፤ ማስረጃው ስለበለጠ አይደለም፣ ወግ ስለሚያምርበት ነው። (እነሆ፣ እኛም ሃሪ ልንሆን ምንም አልቀረን!)

ዋላስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደ አጋጣሚ ባለፍነው። ሌሎቹን ግን እዩአቸው። የሉቤኩን ደብዳቤ ከእሱ ጋር ያጻፈው አንድሪው መሪ የፍሬስኪን ዘር ነው፤ ፍሬስኪን ፍሌሚሽ ነው፣ ከዛሬዋ ቤልጅየም ወገን። ሮበርት ብሩስ? የስሙ ምንጭ ኖርማንዲ ውስጥ ያለችው ብሪክስ ናት። ከዙፋን የወረደው ቤሊዮል? ከፒካርዲ፣ ሰሜን ፈረንሳይ። ስኮትላንድ ከእንግሊዞች እጅ ወጣች ብሎ ለጀርመን ነጋዴዎች ያበሰረው ደብዳቤ በላቲን ተጽፎ፣ የፍሌሚሽ ዘርና «ዌልሻዊ» የሚባል ሰው የላኩት ነው። መጤነት በሁለትና ሦስት ትውልድ ውስጥ ያገር ልጅነት ሆኗል፤ ሰዎቹም ለዚያ አገር ሞተዋል።

«ዋሌይስ» የሚለው ስም እንደዚያ ተራ ቅጽል መሆኑ ለታሪክ ተመራማሪዎች ራስ ምታት ነው። በ1296 ፐርዝ ላይ በቆመ የኤድዋርድ ችሎት አንድ የዮርክ ሰው፣ ዊሊያም ዋሌይስ ከሚባል ሌባ ጋር ሆኖ ከአንዲት ሴት ቤት የ3 ሽልንግ ጠላ ወስዷል ተብሎ ተከሷል። (ጠላው የእነሱ ቢራ ነው እንጂ ጌሾ የለበትም።) ሌባው አምልጧል። የእኛው ዋላስ ይሆን? ደስ የሚል ነበር። ነገር ግን በኤድዋርድ ጦር ውስጥ ዌልሾች ብዙ ነበሩ፤ «ዌልሹ ዊሊያም» ማለት ደግሞ ያን ጊዜ «ጉራጌው ተስፋዬ» እንደማለት ያህል ነው፤ ስንት ሊኖር እንደሚችል ቁጠሩት።

የአባቱ ስም መለወጥ ትውልድ መንደሩንም አናግቷል። ሃሪ «ኤልደርስሊ» ስላለ ከግላስጎው ጎን፣ ሬንፍሩሻየር ውስጥ ያለችው የኤልደርስሊ መንደር በ1912 ሐውልት ቆሞላታል፤ በየዓመቱም መታሰቢያ ይደረግባታል። ነገር ግን የሬንፍሩ መሬት የስቲዋርድ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው አለን ደግሞ የኤይር አውራጃ ሰው፣ መሬቱን ከንጉሡ የያዘ ነው። ዋላሶች ኤልደርስሊን ይዘው የሚገኙትም ዊሊያም ከሞተ ብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የኤይርሻየር ሰዎች ኪልማርኖክ አጠገብ ኤለርስሊ የምትባል ቦታ ነበረችን፣ ዋላስ የእኛ ነው ብለው ተነሱ። ክርክሩ የእውቀት ብቻ አይደለም፤ ቱሪስት አለበት። ኤልደርስሊዎች ደግሞ ሐውልታቸውን አፍርሰው አይሰጡ!

ሃሪ እንዲህ የዋዛ ተሸናፊ ያልሆነው ግጥሙ ስላልሞተ ነው። በ1722 ዊሊያም ሃሚልተን በዘመኑ ቋንቋ አድሶ አሳተመው። ስኮትላንድ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ በየቤቱ የሚገኝ መጽሐፍ ሆነ እስኪባል ድረስ ተነበበ። ራሱም የኤይርሻየር ልጅ የሆነው ገጣሚው ሮበርት በርንስ በልጅነቱ ልቡን የነካው እሱ መሆኑን ጽፏል። በ1869 ስተርሊንግ አጠገብ 67 ሜትር የሚረዝም የዋላስ ሐውልት ተመረቀ። በ1995 ደግሞ ከሃሪ ተቀድቶ «ብሬቭሃርት» መጣ፤ አምስት ኦስካር ወሰደ። የስኮትላንድ ብሔርተኛው ፓርቲ ሲኒማ ቤት በር ላይ ወረቀት በተነ። በ1997 ስኮትላንዶች የራሳቸው ፓርላማ ይኑራቸው አይኑራቸው ብለው ድምፅ የሰጡት ሴፕቴምበር 11 ቀን ነበር፤ የስተርሊንግ ድልድይ ድል ሰባት መቶኛ ዓመት። በዚያው ዓመት በሐውልቱ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ቁርጥ ሜል ጊብሰንን የመሰለ የዋላስ ቅርጽ ቆመ። ሰው እየመጣ ይሰብረው ስለነበር በአጥር ታጠረ። የነጻነት ምልክት በፍርግርግ ውስጥ! በ2008 ተነሳ።

የሉቤኩ ደብዳቤ በ2012 ኤድንብራ መጥቶ በስኮትላንድ ፓርላማ ለሕዝብ ታይቷል። አብሮት የቀረበው የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ በኖቬምበር 1300 ሮም ላሉት ወኪሎቹ የጻፈው ነው። ጳጳሱ ለስኮትላንዱ ባላባት ለዊሊያም ዋሌይስ መልካም እንዲያደርጉለት ለምኑልኝ ይላል። የፒብልሱ ጠብ ለምን እንደተነሳ፣ ማልኮም ወንድሜ የሚሄደው ለአገር ጥቅም ነው ያለውም እውነቱን እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ዋላስ በ1305 ተያዘ። ኦገስት 23 ቀን ለንደን፣ ዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ የቅጠል አክሊል ደፍተውበት ለፍርድ አቀረቡት። ክሱ የላናርኩን ሹም ከመግደል ጀምሮ ረጅም ነው። ሌላውን አላስተባበለም፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ከዳተኛ ነህ መባሉን ግን ሊቀበል አልወደደም። ከአባቱ ጋር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አለን ለኤድዋርድ ምሏል፤ እሱ ግን በራግማን ጥቅል ላይ የለም፤ ላልማሉለት ጌታ ደግሞ ክህደት አይኖርም። ዳኞቹ ይህን አልሰሙም። በዚያው ቀን ስሚዝፊልድ ላይ ተሰቅሎ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣ አንገቱ ተቆርጦ ተገደለ። ጭንቅላቱ በለንደን ድልድይ ላይ ተሰካ፤ አካሉ በአራት ተቆርጦ ወደ ኒውካስል፣ ወደ በርዊክ፣ ወደ ስተርሊንግና ወደ ፐርዝ ተላከ።

ስለዚህ ሄደን የምናየው መቃብር የለም። ከእሱ በቀጥታ መወለዱ የተረጋገጠ ልጅም አይታወቅም። ደም መርምሮ የዘር ሐረጉን የሚያረጋግጥ ሳይንቲስት ቢመጣ እንኳ የሚጀምርበት የለውም። ዛሬ አንድ ሰው ዋላስን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ከራሱ አፍ መስማት ከፈለገ መሄድ ያለበት ወደ ኤልደርስሊም ወደ ኪልማርኖክም አይደለም። ሰሜን ጀርመን፣ ሉቤክ፣ የከተማው መዝገብ ቤት ነው።